ከሰኔ 19 እስከ ሰኔ 24፦ በብሪታንያ ሶማሌዎች ክርክር መካከል

ረቡዕ ሰኔ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ለንደን

ሶማሌዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የነጻነት ቀን አላቸው። እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1960፣ በእኛ ሰኔ 19፣ የእንግሊዝ ጥበቃ ግዛት የነበረው ሰሜኑ፣ ከ1991 ወዲህ ነጻ ነኝ የምትለው የዛሬዋ ሶማሌላንድ፣ ነጻ ወጣ። ጁላይ 1፣ በእኛ ሰኔ 24፣ በጣሊያን ሞግዚትነት የቆየው ደቡቡ ነጻ ሲወጣ ሁለቱ ተዋሐዱና የሶማሌ ሪፐብሊክ ተመሠረተች። እስከ ዛሬ የሚያነታርከው በመካከል ያለው አምስት ቀን ነው። የሶማሌላንድ ነጻነት ደጋፊዎች «እኛ አልተገነጠልንም፤ በፈቃዳችን የገባንበትን ውል አፍርሰን ወደ ነበርንበት ተመለስን» ይላሉ። የአንድነት ወገኖች ደግሞ «አምስት ቀን ቆሞ በገዛ ፈቃዱ የፈረሰ መንግሥት ከስልሳ ዓመት በኋላ ከመቃብር አይነሣም» ብለው ይመልሳሉ። (የጉዞዬን ቀናትና የራሳችንን ጉዳይ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ይዤ፣ የሶማሌዎቹን ታሪክ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ይህን ክርክር በነዚሁ ቀናት ውስጥ፣ ሶማሌዎች በብዛት በሚኖሩባቸው የብሪታንያ ከተሞች እየዞርኩ ልሰማው ተነሣሁ። ብሪታንያ የሰሜኑ የቀድሞ ገዥ ናት። የበርበራና የሐርጌሳ ሰው ከመቶ ዓመት በላይ እየመጣ ሰፍሮባታል። ዚያድ ባሬን የተዋጋው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ በ1981 የተመሠረተውም እዚሁ ለንደን ነው። በዚያ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የሶማሌላንዱ ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ ባለፈው ታኅሣሥ 22 ቀን አዲስ አበባ ላይ የመግባቢያ ሰነድ ከተፈራረሙ ወዲህ፣ ከሶማሌ ጋር ሻይ የሚጠጣ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሳይሾም የውጭ ጉዳይ ቃል አቀባይ ሆኗል። ኢትዮጵያ 20 ኪሎ ሜትር የባሕር ጠረፍ ለ50 ዓመት በኪራይ ታገኛለች፣ በምላሹ ሶማሌላንድ እውቅና ታገኛለች ተባለ። ሐርጌሳ «እውቅናው ያለቀ ጉዳይ ነው» ስትል አዲስ አበባ «በጥልቀት አጤነዋለሁ» አለች። የሰነዱ ቃል ግን ለሕዝብ አልወጣም። ስለዚህ በየደረስኩበት ከስሜ በፊት የምጠየቀው እሱን ሆነ።

ምሽት ላይ ዋይትቻፕል አካባቢ ወዳለች ሻይ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ የሶማሌላንድ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የመሐመድ ኢብራሂም ኢጋል ፎቶግራፍ አለ። አሳላፊው ሄል የበዛበትን የወተት ሻይ አስቀመጠና ከወዴት እንደሆንኩ እንደ ሰማ «ሰነዱ ላይ ምን ተጽፏል?» አለኝ። እንዳላነበብኩት ነገርኩት። እንዳላመነኝ ፊቱ ያስታውቃል።

ኢጋልን እዚህ ግድግዳ ላይ ማየቴ አስገርሞኛል። የአምስቱ ቀን መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር እሳቸው ነበሩ፤ ውሕደቱን ይዘው ሞቃዲሾ የገቡትም እሳቸው ናቸው። ከ1967 እስከ 1969 የተዋሐደችው ሶማሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ዚያድ ባሬ መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርግ ለዓመታት ታሰሩ። ከ1993 ጀምሮ እስከ ሞቱበት 2002 ድረስ ደግሞ የሶማሌላንድ ፕሬዚዳንት ነበሩ። አጠገቤ የተቀመጠው የታክሲ ሾፌር «ሁለቱንም ሞክሮ መረጠ» አለኝ። ከአንድነት ወገን የሆነ ሰው ቢሆን ኖሮ ሥልጣን ባለበት ሁሉ የነበሩ ሰው ናቸው ይለኝ ነበር።

በቴሌቪዥን የአውሮፓ ዋንጫ ይተላለፋል፤ ቱርክ ከቼክ። ቤቱ በሙሉ ለቼክ ይጮኻል። አንደኛው ምክንያት የቼኩ ሶውቼክ የሚጫወተው ለምሥራቅ ለንደኑ ዌስት ሃም መሆኑ ነው። ሁለተኛውን ሾፌሩ ነገረኝ፦ ቱርክ ሞቃዲሾ ውስጥ ከ2017 ጀምሮ የጦር ማሠልጠኛ አላት፤ ስለዚህ እዚህ ቤት ደጋፊ የላትም። ሶውቼክ አቻ ሲያደርግ ጠረጴዛ ተደበደበ። በጭማሪው ሰዓት ቱርኮች ሁለተኛውን ሲያገቡ ከኋላ አንድ ሰው ብቻውን አጨበጨበ። ሁሉም ዞሮ አየው። «የሞቃዲሾ ልጅ ነው፤ ለሻዩ ሲል ነው የሚመጣው» አሉኝ።

ሐሙስ ሰኔ 20፣ ካርዲፍ

ከፓዲንግተን ካርዲፍ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ቢውትታውን የተባለው ሰፈር የድሮው የከሰል ወደብ ጎን ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የበርበራ ሰዎች በኤደን በኩል እየመጡ በእንግሊዝ መርከቦች ላይ ምድጃ ውስጥ ከሰል በአካፋ ሲያገቡ ኖረዋል። መርከቡ ሲያርፍ እነሱም እዚህ ያርፉ ነበር፤ ብዙዎቹ ቀሩ። ዛሬ ወደቡ መዝናኛ ሆኗል፤ ከሰል የሚባል ነገር አይታይም።

ጢማቸውን ሂና የቀቡ አዛውንት ቤታቸው ጋበዙኝ። ሰፈሩ ሁሉ «አዴር»፣ አጎት እንደማለት፣ ይላቸዋል፤ እኔም አልኳቸው። እንግሊዝኛቸው ከካርዲፍ ሰው አይለይም። ገና ሳልቀመጥ «ዛሬ ደግሞ የማን ቀን እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉ። ጁን 27 የጅቡቲ የነጻነት ቀን ነው፤ በ1977 ፈረንሳይ የለቀቀችበት። «ጅቡቲ ሶማሌ አይደለችም? ለብቻዋ ስትኖር ማን ተገነጠለች አላት?» ይህን መከራከሪያ ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ሁሉ ሰምቼዋለሁ። እሳቸው ግን መልስ እንደማይመጣበት ሰው ተናግረው ወደ ሌላ ክፍል ሄዱና አንድ ነገር ይዘው ተመለሱ።

የመርከበኛ ደብተራቸው ነበር። ሽፋኑ ጠርዙ ተበልቷል፤ ውስጡ የየመርከቡ ስም፣ የተሳፈሩበትና የወረዱበት ቀን፣ «ጠባዩ በጣም ጥሩ» የሚል ክብ ማኅተም በየመስመሩ። የትውልድ ቦታ በሚለው ላይ በቀለም ብዕር «የእንግሊዝ ሶማሌላንድ» ተብሎ ተጽፏል። ጥፍራቸውን ከቃሉ ሥር አድርገው «ሶማሊያ የሚል ታያለህ?» አሉኝ። ማንም እንዲነካው ሳይፈልጉ ራሳቸው ገጹን እየገለጡ ያሳያሉ።

ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተ ሐውድን ባትወስዱ ኖሮ እኛ ሞቃዲሾን አናገባም ነበር።»

ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው ታሪክ ስለሆነ ላብራራው። ሐውድ የሰሜን ሶማሌ አርብቶ አደር በዝናብ ወራት ግመሉን የሚያሰማራበት ሰፊ ሣር ነው። በ1897 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል በኢትዮጵያ ወገን ቀረ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንግሊዝ በእጇ አቆይታው ነበር፤ በ1954 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተስማምታ በ1955 መጀመሪያ አስረከበች። ግመሉ የሚሻገርበት መብት በስምምነቱ ቢጻፍም ሰሜኑ ተቆጣ። ማይክል ማሪያኖ ያለበት ልዑክ ለንደን ድረስ መጥቶ አቤት አለ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ነው «ብቻችንን ሆነን ሐውድን አናስመልስም፤ ከደቡቡ ጋር አንድ ስንሆን ግን…» የሚለው ስሜት የጋለው። አዴር ወጣት ሆነው ሰልፉ ላይ ነበሩ። በ1960 የውሕደቱን ውል ዝርዝር ቁጭ ብሎ ያየ ሰው አልነበረም ይላሉ። ይህ የሳቸው ቁጭት ብቻ አይደለም። ሁለቱ ምክር ቤቶች ያጸደቋቸው የውሕደት ጽሑፎች አንድ ዓይነት አልነበሩም፤ በ1961 ሌላ ሕግ ወጥቶ ወደ ኋላ እንዲሠራ ተደረገ። በዚያው ዓመት መጨረሻ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው የተያዙ የሰሜን መኮንኖች ፍርድ ቤት ቀርበው በነጻ የተለቀቁት፣ ዳኛው ሰሜኑን የሚያስር ሕጋዊ የውሕደት ውል አላገኘሁም ስላሉ ነው። የሶማሌላንድ ጠበቆች ይህን ፍርድ እስከ ዛሬ ያነሡታል።

ስለዚህ ሐውድ ውሕደቱን ካፋጠነ፣ እኛ በአንድነቱ ውስጥ ድርሻ አለን ማለት ነው። ይህንን ለአዴር ስላቸው በጣም ሳቁ። «በመለያየቱም አላችሁ፤ ሼፊልድ ስትደርስ ይነግሩሃል» አሉኝ።

የካርዲፍ ከተማ ምክር ቤት በ2015 ሶማሌላንድን አውቄያለሁ ብሎ ድምፅ ሰጥቷል። ቆሻሻ የሚያነሣና መንገድ የሚጠግን ምክር ቤት አገር ማወቁ ፈገግ ያሰኛል፤ ነገር ግን እዚህ የሚኖረው መራጭ ብዙ ነው። ለሐምሌ 4ቱ ምርጫ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ በየበሩ የተበተነው ወረቀትም ስለ ሶማሌላንድ ሳያነሣ አላለፈም። ለንደን ያለው መንግሥት ለምን እንደማይከተል አዴርን ጠየቅኳቸው። መልሳቸው ማሕሙድ ማታን ነበር። ማታን የሐርጌሳ ተወላጅ መርከበኛ ነው፤ በ1952 እዚህ ካርዲፍ እስር ቤት ውስጥ ባልሠራው ግድያ ተሰቀለ። ፍርዱ የተሻረው በ1998 ነው፤ ፖሊስ ይቅርታ የጠየቀው በ2022። «እንግሊዝ ስህተቷን ለማመን ጊዜ ይፈጅባታል። ታምናለች ግን» አሉና ደብተራቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ።

ዓርብ ሰኔ 21፣ ከካርዲፍ ወደ በርሚንግሃም

ከጁምዓ በኋላ መስጊድ ደጅ ላይ ቆምኩ። ውስጥ ማንም ስለ ፖለቲካ አያነሣም። ጫማ የሚደረግበት መደርደሪያ ጋ ሲደርሱ ይጀምራል።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አነጋገረችኝ፤ የአዴር የልጅ ልጅ ናት። «ሶማሌላንድ ምርጫዋ ጥሩ ነው ይሉኛል። በ2003 አንድ ሰው በ80 ድምፅ ልዩነት ተሸንፎ ጠመንጃ ሳያነሣ ቤቱ ገባ ይሉኛል። እውነት ነው፤ እኮራለሁ። ግን በ2022 መደረግ የነበረበት ምርጫ እስካሁን አልተደረገም። ይህንን ስናገር የሞቃዲሾ ሰላይ እባላለሁ።» አያቷ ፊት እንዲህ እንደማትናገር ነገረችኝና ፈገግ አለች። በጓደኞቿ ስትጠየቅ ሶማሌ ነኝ ትላለች፤ ላንድ የሚለውን የምትጨምረው ቤተሰብ ባለበት ነው።

የከሰዓቱ ባቡር ዘግይቶ በርሚንግሃም የገባሁት መሽቶ ነው።

ቅዳሜ ሰኔ 22፣ በርሚንግሃም

ስሞል ሂዝ ካርዲፍን አይመስልም። እዚህ ያለው ሶማሌ አብዛኛው ከ2000 ወዲህ የመጣ ነው፤ ብዙው ደግሞ ከሆላንድ ዞሮ። ኮቨንትሪ ጎዳና ላይ እናት ልጇን በሶማሊኛ ትጠራለች፣ ልጁ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ታላቅ እህቱ በደች ትገሥጸዋለች። ሐርጌሳም፣ ሞቃዲሾም፣ ኪስማዮም፣ ጅግጅጋም ያለበት ጎዳና ነው።

ምሳ የበላሁት ከላስ አኖድ ተወላጅ ጋር ነው። በሆስፒታሎች ውስጥ በአስተርጓሚነት ይሠራል። ሩዝ በሥጋ መጣ፤ እንደ ልማዱ ጎኑ ላይ አንድ ሙዝ አለበት። ሙዙን አንሥቶ «ሸበሌና ጁባ ዳር ነው የሚበቅለው። የሐርጌሳ ሰው ሦስት ጊዜ ሪፈረንደም አድርጎ ቢወጣ እንኳ ይህን መብላት አይተውም» አለ። ከዚያ በኋላ ቀልድ አልነበረም።

ላስ አኖድ የዱልባሃንቴ ጎሳ ከተማ ናት። የሶማሌላንድ ካርታ ውስጥ አለች፣ ምክንያቱም የእንግሊዝ ጥበቃ ግዛት ካርታ ውስጥ ነበረች። የጎረቤቷ የሶማሊያ ክልል የፑንትላንድ ካርታ ውስጥም አለች፣ ምክንያቱም ጎሳው እንደ ፑንትላንድ ሰው የዳሮድ ወገን ነው። በ2007 የሶማሌላንድ ጦር ገባ። በ2022 መጨረሻ የአካባቢው ፖለቲከኛ ሲገደል ከተማው ተነሣ። በፌብሩዋሪ 2023 ሽማግሌዎቹ ከሶማሌላንድ ጋር አይደለንም፣ ከፌዴራል ሶማሊያ ጋር ነን ብለው አወጁ፤ ጦርነቱም በዚያው ሰሞን ተከፈተ። ከተማዋ ለወራት በመድፍ ተደበደበች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የሶማሌላንድን ኃይሎች ሰላማዊ ሰውን ሳይለዩ ደብድበዋል ብሎ ከሷል። በኦገስት የሶማሌላንድ ጦር ዋና ሰፈሩን ተቀምቶ ወደ ምዕራብ አፈገፈገ።

ስለ አዴር ደብተራ ነገርኩት፤ ስም ሳልጠራ። ሹካውን አስቀመጠ። «በ1920 እንግሊዝ ታሌህን በአውሮፕላን ደበደበች። ከሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ጋር ሆነው እንግሊዝን የተዋጉት ደርቪሾች የእኔ አያቶች ናቸው። አያቴን ከሰማይ የደበደበ መንግሥት ያሰመረውን ድንበር እንዴት ቅርሴ ነው ብዬ ልቀበል? ለካርዲፉ ሰውዬ ያ ማኅተም ክብር ነው፤ ለእኔ ቦምብ ነው።»

ቀጥሎ ያለኝን ደግሞ አስቤበት ነው ያደርኩት። የሐርጌሳ ሰው ለሞቃዲሾ የሚያቀርበው መከራከሪያ «ያለ ፈቃዳችን ልታስሩን አትችሉም» የሚል ነው። የላስ አኖድ ሰው ለሐርጌሳ የሚያቀርበው ቃል በቃል ያው ነው። ሐርጌሳ ለሞቃዲሾ ስትናገር በሕዝብ ፈቃድ፣ ለላስ አኖድ ስትናገር በቅኝ ግዛት ድንበር ነው የምትምለው። በእኔ ግምት የነጻነቱ ወገን ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው፤ ሎንዶንም ካርዲፍም ቀጥተኛ መልስ የሰጠኝ አላገኘሁም። አንዱ «የጎሳ ነገር ነው» ብሎ አለፈኝ። ከሞቃዲሾ ሲታይ ደግሞ የሐርጌሳም ጥያቄ የኢሳቅ ጎሳ ነገር ነው።

በ2023 ገንዘብ ልኮ እንደሆነ ጠየቅኩት። ልኳል። ለቁስለኞች ነው አለ። ከዋይትቻፕልም በዚያው ጊዜ ለተቃራኒው ወገን ተልኳል፤ እነሱም ለቁስለኞች ነው ብለውኛል። ከዚህ የሄደው ፓውንድ የት ላይ ፋሻ፣ የት ላይ ጥይት እንደሆነ ከላኪዎቹ የሚያጣራ የለም። ይህንን ስጽፍ ወደ ራሳችንም እያየሁ ነው፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በለንደንና በዋሽንግተን አዳራሾች ውስጥ እኛ ስናዋጣ የነበረውን የማስታውሰው ያህል አስታውሳለሁ። ጦርነቱ የሚደርስበት ቦታ ላይ የማይኖር ሰው ዋጋውን በቀላሉ ይጨምራል።

እሑድ ሰኔ 23፣ ሼፊልድ

በጠዋት ባቡር ሼፊልድ ገባሁ። ብረት ፋብሪካዎቹ በደጉ ዘመን ብዙ የሰሜን ሶማሌ ቀጥረዋል። ከብሪታንያ ምክር ቤቶች ሁሉ ቀድሞ በ2014 ለሶማሌላንድ እውቅና የሰጠው የዚህ ከተማ ነው። በ2018 የከተማዋ ሎርድ ሜየር የሆነው ማጂድ ማጂድም ቡርኦ ተወልዶ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በስደተኛ ካምፕ ቆይቶ በልጅነቱ እዚህ የመጣ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረው ካምፕ ነገር እዚህ ሁሉም ቤት ውስጥ አለ። በርንግሪቭ ሰፈር የተቀበሉኝ እማማ በሩን ሲከፍቱ «ደህና ነህ ልጄ? ግባ» አሉኝ፣ በአማርኛ። የጅግጅጋ ገበያ አማርኛ ነው፤ ቁጥርና የዕቃ ስም ላይ ጥርት ያለ። ሃርትሼክ ካምፕ ሦስት ዓመት ኖረዋል። ሽንኩርትና ስኳር ከጅግጅጋ እያመጡ ይሸጡ ነበር።

በሜይ 1988 ሐርጌሳ ነበሩ። ታሪኩን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን አላሳነሱም፣ አላለቀሱም፤ ሻይ እየቀዱ ነው የነገሩኝ። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከራሷ ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ ነበር፤ ተነሥተው፣ ዞረው፣ ከተማዋን ደብድበው እዚያው ያርፋሉ። «ሲነሣ ትሰማለህ። ስንት እንደምትቆጥር ታውቃለህ። ከዚያ ትተኛለህ መሬት ላይ።» በሌሊት እየተጓዙ ድንበር ተሻገሩ። አንድ ልጅ መንገድ ላይ ቀርቷል። ስሙን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አዴር ያሉኝ የመለያየቱ ድርሻችን እዚህ ላይ ነው። የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ከ1982 ጀምሮ መቀመጫው ኢትዮጵያ ነበር፤ ዚያድ ባሬ በእኛ አማፅያን ሲጫወት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በእሱ አማፅያን ይጫወት ነበር። በኤፕሪል 1988 ሁለቱ ተስማሙ፦ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ማስጠጋት ሊተው። ደርግ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦሩ እየተሸነፈ ስለነበር ከሶማሊያ ድንበር ወታደር ማንሣት ፈልጓል። መሸሸጊያቸውን ሊያጡ የሆኑት ተዋጊዎች ያላቸውን ሁሉ ይዘው ወደ ቡርኦና ሐርጌሳ ገቡ። የዚያድ ባሬ መልስ ከተሞቹን ማፍረስ ሆነ። በብዙ አስር ሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት ወደ እኛ ተሰደዱ። ሃርትሼክ በዓለም ትልቁ ከሚባሉት የስደተኛ ካምፖች አንዱ ሆነ። ከዚያ በኋላ በ1991 ቡርኦ ላይ የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ወደ ሞቃዲሾ መመለስን ሊሰሙት አልፈለጉም።

እማማን የቀድሞው የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ፋርማጆ በ2020 ለሰሜኑ ሕዝብ ይቅርታ መጠየቃቸውን አነሣሁባቸው። «እሱ የዚያድ ባሬ ጎሳ ነው» አሉ። ሌላ ጎሳ ቢሆን ይቀበሉት እንደነበር ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ሌላው ደግሞ ምን አገባው ብሎ ነው የሚጠይቀኝ?» አሉኝ። ይህ መልስ መውጫ የለውም፤ ሰውየው ዘመድ ከሆነ አይታመንም፣ ካልሆነ አይመለከተውም። ግን ልጁን መንገድ ላይ ትቶ ለመጣ ሰው የሎጂክ ትምህርት የምሰጥ እኔ ማን ነኝ።

እስከዚህ ድረስ አንድ ነገር ታየኝ። አዴር ታሪኩን የሚጀምሩት ከ1960 ነው። እማማ ከ1988። የበርሚንግሃሙ አስተርጓሚ ከ1920 ጀምሮ 2023 ላይ ይደርሳል። አንዱ የሌላውን ዓመት አይክድም፤ ከዚያ አልጀምርም ነው የሚለው። የእማማ ትልቁ ልጅ ይህን ስለው «እናንተስ? ኢትዮጵያውያን ከስንት ትጀምራላችሁ?» አለኝ። አሥር ሰው ብትጠይቅ ዘጠኙ ከ1969 ዓ.ም. ይጀምራል አልኩት፤ ዚያድ ባሬ ኦጋዴንን ከወረረበት፤ በ1970 ካራማራ ላይ ተመለሰ። አጎቴ እዚያ ነበር። «እና ያ ዚያድ ባሬ የደበደበን እኛንም አይደል?» አለ። ነው።

ከሰዓት በኋላ እንግሊዝ ከስሎቫኪያ ተጫወተች። ሳሎኑ በልጅ ልጆች ሞላ። እስከ ጭማሪ ሰዓት ድረስ እንግሊዝ ተመርታ፣ ቤሊንግሃም ጀርባውን ሰጥቶ በአየር ላይ ሲያገባት ልጆቹ ጣሪያውን ሊያወርዱት ደረሱ። እማማ ከወጥ ቤት «ማን አገባ? የእኛዎቹ ናቸው?» ብለው ጮኹ። «አዎ አያቴ፣ የእኛዎቹ ናቸው!»

ሰኞ ሰኔ 24፣ ለንደን

ከሴንት ፓንክራስ በቀጥታ ወደ ሰሜን ምዕራብ ለንደን። የደቡቡ ሰው በብዛት የሚኖረው በዚህ በኩል ነው። ዛሬ ጁላይ 1 ስለሆነ ሱቆቹ በር ላይ ሰማያዊው ባንዲራ ወጥቷል። ነጩ ኮከብ አምስት ጫፍ አለው፤ ሶማሌ የሚኖርባቸውን አምስት ግዛቶች ያመለክታል፤ አንዱ ጫፍ የእኛው ሶማሌ ክልል ነው። ኢትዮጵያዊ ሆኖ ከዚህ ባንዲራ ሥር ሻይ መጠጣት ለየት ያለ ስሜት አለው። ይህን ለጋበዘኝ ሰው ስነግረው «ሰሜኑ ሲሄድ አንድ ጫፍ ይጎድላል፤ ጅቡቲ ሄዳለች፤ ኬንያ አልሰጠችንም። እንግዲህ ኮከቡ ምን ሊሆን ነው?» አለኝ፤ እየሳቀ፣ ግን ከልቡ።

ማምሻውን አዳራሽ ውስጥ በዓል ነበር። ስለ ደቡቡ ሰው ሳልጽፍ የማልፈው ነገር አለ። ብዙ የሶማሌላንድ ደጋፊ ዚያድ ባሬን የደቡብ ሥራ አድርጎ ያወራል፤ ሞቃዲሾም በዚያው ሰው ጥይት ተደብድባለች፤ ከእሱ በኋላም ሰላሳ ዓመት ነድዳለች። እዚህ ያገኘኋቸው ሰዎች «እናንተ ተጎድታችሁ ወጣችሁ፤ እኛ ተጎድተን የት እንውጣ?» ይላሉ። አንድነት ለእነሱ ድል ሳይሆን የቀረ ንብረት ነው። የራሳቸው ቤትም አልተረጋጋም፤ ሞቃዲሾ ሕገ መንግሥቱን ስታሻሽል ፑንትላንድ በማርች መጨረሻ ለፌዴራሉ መንግሥት እውቅና ነፍጋለች። ይህን ያነሣ ሰው ግን በአዳራሹ አልወደዱትም።

ስምንት ሰዓት ገደማ፣ እንደ ለንደን አቆጣጠር፣ ስልኮች መብራት ጀመሩ። ዜናው ከአንካራ ነው። የኢትዮጵያና የሶማሊያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ታዬ አጽቀ ሥላሴና አሕመድ ሞዓሊም ፊቂ፣ በቱርክ አሸማጋይነት ስለ ወደቡ ሰነድ የመጀመሪያውን ዙር ንግግር አድርገዋል፤ ስምምነት የለም፣ እንደገና ሊገናኙ ነው። ሰነዱን የፈረሙት ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ ናቸው፤ አንካራ ላይ ግን ከሐርጌሳ የተጠራ የለም። አዳራሹ ይህን በጭብጨባ ተቀበለው። ወዲያው ስድስት ሰው ወደ እኔ ዞረ፦ «ሰነዱ ላይ ምን ተጽፏል?»

ያዳነችኝ ከመድረክ ወርዳ የመጣች ተናጋሪ ናት። አባቷ የሞቃዲሾ፣ እናቷ የቡርኦ ናቸው፤ ለንደን ነው የተወለደችው። «ረቡዕ ዕለት ሰማያዊውን ባንዲራ ለጠፍኩና የእናቴ ቤተሰቦች ከዋትስአፕ ቡድናቸው አስወጡኝ» አለች። ስልኳን አሳየችኝ፤ ያክስቷ ስም፣ «ከቡድኑ አስወጥታሻለች» የሚለው ግራጫ መስመር። ከሥሩ የዛሬ ከሰዓት ሌላ መስመር፦ ያችው አክስት መልሳ አስገብታታለች። አንዲት የአክስት ልጅ ሐርጌሳ ላይ በነሐሴ ታገባለች፤ የመዋጮው ዝርዝር ተለጥፏል፤ ከስሟ ፊት 100 ፓውንድ ተጽፎ ይጠብቃል። ስለ ባንዲራው ቃል የተናገረ የለም።

እዚያው ቆማ ላከችና የተላከበትን ደረሰኝ ቡድኑ ላይ ለጠፈች። አክስትዬዋ ወዲያው የልብ ምልክት አስቀመጠች። «ማታ መልሰው ያስወጡኛል፤ የዛሬው ንግግሬ በቀጥታ እየተላለፈ ነው» አለችኝና ስሟ ሲጠራ ወደ መድረኩ ወጣች።